ከኋላ ያለው ድምፅ

ጮራ የመጀመሪያ አልበሟን ስትቀዳ ጉንፋን ጉሮሮዋን ዘጋው። የቀረቻት አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ ያቺ በአንዱ ዘፈን መሃል ወደ ላይ የምትወጣዋ። ስቱዲዮው በማግስቱ ለሌላ ሰው ተይዟል። አቀናባሪው ሲጨንቀው ታላቅ እህቷን እታለምን ከተቀባዮቹ መሃል ጎትቶ ማይክሮፎን ፊት አቆማትና አዘፈናት። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች፣ ድምፃቸውስ ሲቀላቀል ማን ይለየዋል? ማንም አልለየውም።

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የወደደው ያችኑ መስመር ሆኖ አረፈው! በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ ያቺው። ግጥሙም ዜማውም የጮራ ነው፣ ይሄ አይካድም፤ ድምፁ ግን የእታለም። መድረክ ላይም መስመሯ ስትደርስ ጮራ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ እታለም ከኋላ ሆና ትዘፍናለች። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

የዛሬው ኮንሰርት ሊጀመር ሲል ግን እታለም ቁርጡን ተናገረች። መልበሻ ክፍል ውስጥ የጮራን ፀጉር እያስያዘችላት ነበር።

"ዛሬ ያ ድምፅ የኔ መሆኑን ለሰው ትነግሪያለሽ። አለዚያ አፌን አልከፍትም።"

"እታለም ሙቺ፣ ዛሬን ተይኝ! አዳራሹ ጢም ብሏል እኮ። ከዚህ በኋላ ማን ያምነኛል? ሌባ ነው የሚሉኝ።"

"እኔስ ምን ልባል? የወለድኩት ልጅ እንኳን ድምፄን በሬዲዮ ሲሰማ 'አክስቴ' ነው የሚለው!"

ጮራ "እሺ፣ እናያለን" ብላ ተነሳች።

ወዲያው ሹልክ ብላ ወጥታ ኪቦርድ ተጫዋቹን ጥግ አስያዘችው።

"የዘፈኑን ኪይ ድምፄ እስኪደርስበት ዝቅ አድርግልኝ። መስመሯን ራሴ እዘፍናታለሁ።"

"ላዩስ ይመችሽ፣ ታች ያሉትን ስንኞች ምን ልታደርጊ ነው?"

"አንተ ዝም ብለህ ዝቅ አድርግ!"

እንዲያው የገዛ ዘፈኑን ታች የሚረሳ ሰው አለ? ፍርሃት የማያስረሳው የለም፣ ረሳችው።

የዘፈኑ መግቢያ ሙዚቃ ሲጀመር ጮራ ወደ ኋላ ላለመዞር አንገቷን አደንድና ቆመች። የእታለም ጆሮ እንዲህ የዋዛ አይደለም። ዘፈኑ መውረዱንም፣ ለምን እንደወረደም ገና ከመጀመሪያው ኖታ ታውቃለች።

የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ድምፁ ከዳት። ወርዶ ወርዶ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ፊት የተቀመጡት ተያዩ። አንዱ "ድምፅ ጨምር!" ብሎ ወደ ድምፅ ባለሙያው ጮኸ፤ እሱስ ምስኪን ምን ያድርግ፣ ያልወጣ ድምፅ ከየት አምጥቶ ይጨምር! ገና ሁለተኛው ስንኝ አለ፣ እሱ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። እጇን አንስታ ባንዱን አስቆመች።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች። "ያቺ የምትወዷት መስመር የኔ ድምፅ አይደለችም። የእህቴ ናት። ከመጀመሪያውም የእህቴ ነበረች።"

አዳራሹ ሳቀ። ጭራሽ አጨበጨበ! "ወይ ትሕትና!" አለች አንዷ ከፊት።

"እውነቴን ነው እኮ!" ብላ እህቷን ልታሳያቸው ዞረች። ማይክሮፎኑ ብቻውን ቆሟል። አጠገቡ ያለው ተቀባይ በአገጩ የኋላውን በር አመለከታት።

ክው አለች። ማይኳን እዚያው ወለሉ ላይ ጥላ ሮጠች፤ ጭብጨባው ከኋላዋ ገና አላባራም። ጓሮ በር ላይ ስትደርስ እታለም የመድረክ ጫማዋን በእጇ ይዛ ታክሲ አስቁማለች።

"እታለም! ተናገርኩ እኮ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእህቴ ድምፅ ነው አልኩ!"

እታለም የታክሲውን በር እንደያዘች ቆም አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እኔ የሰማሁት የወረደውን መግቢያ ነው" አለችና ገባች።