ምንም አልተለወጥሽም

ኢንዓም አሶሳ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ያን ዕለት ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማረችው እንግሊዞች ከብዙ ዓመት በኋላ ያገኙትን ሰው «ምንም አልተለወጥሽም» የሚሉበትን አነጋገር ነበር። ብዙ ጊዜ ሙገሳ ነው፤ ዕድሜ አልነካሽም ለማለት። አንዳንዴ ግን ዛሬም ያው ነሽ ብሎ መውቀሻ ይሆናል። አንዲት ተማሪ ሁለቱ በምን እንደሚለዩ ጠየቀቻት። ከተናጋሪው ፊት ይታወቃል ብላ መለሰች።

ቤት ስትደርስ ታላቅ ወንድሟን ሙርሳልን በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጉባ፣ ግድቡ ጋ ማሽን ሊነዳ ከሄደ ወዲህ በስልክ ካልሆነ አግኝታው አታውቅም። እዚያው ማንኩሽ አግብቶ ወልዷል። ብድግ ብሎ አቀፋትና ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«አንቺ እኮ ምንም አልተለወጥሽም» አላት ደስ ብሎት።

ፊቱን አየችው። ከልቡ ነበር። ቤቱን ትቶት እንደሄደ ስላገኘው እፎይ ያለ ይመስላል። እናታቸው ግማሽ ጎኗን ከያዛት ጀምሮ የተኛችበት አልጋ እዚያው ጥግ ነው፤ ኢንዓምም ከትምህርት ቤት ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ትምህርት ቤት።

እራት ላይ ጉዳዩን አነሳች። ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋት አንዴ ቀርታለች፤ ዘንድሮ እንደገና ተቀብለዋታል። እስክትመለስ ድረስ እናታቸውን እሱና ሚስቱ እንዲይዙላት ለመነችው። ሙርሳል የማንኩሽን ሙቀት፣ የቤቱን ጥበት አወራ። በመጨረሻም እናታችን ካንቺ እጅ ሌላ አትለምድም አለ።

እናታቸው ሰምታ ኖሯል። አንደበቷ ስለሚይዛት እምብዛም አትናገርም።

«ተለውጣለች» አለች ቀስ ብላ። «ድሮ ቤት ስትጠርግ ታንጎራጉር ነበር። ስትተወው አንተ ስላልነበርክ አታውቅም።»

ሙርሳል ጠዋት ሲወጣ ከሚስቱ ጋር እንደሚመካከር ለኢንዓም ነገራት። መኪናው ከታጠፈ በኋላም ኢንዓም በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚህ በፊት በስልክ ያላትም ይህንኑ ነበር።

ስትገባ እናቷ በደህናው እጇ ቀሚሷን ያዘች።

«ሂጂ» አለቻት። «እኔን አትዪ።»

የእናቷ ጎን እንዳይቆስል ኢንዓም የምታገላብጥበት ሰዓት ደርሶ ነበር። አንድ እጇን ከትከሻዋ፣ ሌላውን ከወገቧ ሥር አስገብታ ወደ ግድግዳው አዞረቻት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች፣ ደግማ ሂጂ አለች። ኢንዓም ትራሱን አስተካክላ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሳያመልጣት ወጣች። በምሳ ሰዓት ተመልሳ ታዞራታለች።