ጋሼ ጫማ አያወልቅም

"ጫማህን አውልቅ እኮ ነው ያልኩህ" አለች ቲቸር፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

"ብርድ ይመታኛል" አለ ጋሼ።

እንግሊዝኛ የምንማረው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ሦስት ማድረቂያ እየተሽከረከረ፣ ግድግዳው ራሱ አልቦት፣ እሱ ብርድ ይላል። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። እዚህ ሥራ ያስገባኝም፣ አንሶላ መተኮስ ያስተማረኝም እሱ ነው።

የቲቸር ሕግ አንድ ነው፦ ያልተለካ ሰው በእንግሊዝኛ አይጻፍም። ለዚህ ነው ዳቦ ጋጋሪው ቅድም የልብስ ሚዛኑ ላይ የወጣው። መቶ አራት ኪሎ።

"ቁርስ በልቼ ስለመጣሁ ነው" አለ።

"የስንት ሰው ቁርስ?" አለችው ዕቃ አጣቢዋ። እሷ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ናት።

ቲቸር ሰሌዳው ላይ "ዌይስ" ብላ ጻፈች። "ኪሎ በዚች ነው የሚነገረው። 'ሃዝ መቶ አራት ኪሎ' የሚለኝ ሰው መውጫውን ያውቀዋል፣ ይውጣ። እሷን ስለሚበልጣት 'አውትዌይስ' ብትሉም ያምራል። ለቁመት ግን አትጨነቁ፣ 'ኢዝ ቶለር' ይበቃል።"

ከዚያ እኔ በባዶ እግሬ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። አንድ ሜትር ከሰባ፣ ልክክ። እሷም ወረቀቴ ላይ አሰፈረችው። ቀጥሎ ጋሼን ደስ ይበለው ብዬ "ማይ ብራዘር ታወርስ ኦቨር ሚ" ብዬ ጻፍኩ።

"ይሄ እኮ ሽቅብ የምታንጋጥጥለት ሰው ሲሆን ነው" አለች። "ወንድምህን ስታይ አንገትህን ያምሃል?"

"ኧረ አያመኝም።"

"በል 'ኢዝ ቶለር' በል፣ በስንት እንደሚበልጥህም ጨምር። ና አንተ፣ ጫማ!"

ብርዱ የመጣው ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ሥራ አስኪያጁ የበር አስተናጋጅ ይመርጣል። ቁመት ያለ ጫማ ከአንድ ሜትር ከሰባ በታች አይቻልም ተብሏል። ጋሼ ማመልከቻው ላይ ሰባ ሁለት ብሎ ሞልቷል። የኛ ወረቀቶች ደግሞ፣ ትምህርቱን ያዘዘው ሰውዬው ራሱ ስለሆነ፣ ነገ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ጋሼ ዘጠኝ ዓመት እንፋሎት ሲስብ ኖሮ ሐኪሙ "ከዚህ ቤት ካልወጣህ ደረትህ አይድንም" ብሎታል። በሩ ጋ ንጹሕ አየር አለ።

ጫማውስ? እያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሁለት የፊት ፎጣ አለ፣ የሆቴሉ ስም የተጠለፈበት። ያጠፍኩት እኔ ነኝ። "አንተ ስታጥፍ ያምራል" አለኝ፣ አጠፍኩለት። ጫማው ከወለቀ በሩም ይቀራል፣ ፎጣው ስርቆት ተብሎ ማጠቢያውም ይቀራል።

ቲቸር ሰዓቷን አየች። "በቃ ይሁን። አንተ ታናሹ አይደለህ? አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት። ያለ ጫማ ስንት እንደሆነ አንተ ጻፈው፣ አንተን አምኜ እፈርማለሁ።"

እናታችን የጓዳው በር ላይ በእርሳስ እየለካችን ነው ያሳደገችን። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ በሁለት ጣት በለጥኩት። በማግስቱ በሩን ቀለም ቀባችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቁመት ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

"ጻፍ እንጂ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "ሊጡ እየጠበቀኝ ነው።"

ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አሳለው፣ በክንዱ አፈነው። ቲቸር እጇን ዘርግታ ቆማለች። እስክሪብቶው እኔ ጋ ነው፣ እናንተ ብትሆኑ ስንት ብላችሁ ትጽፉ ነበር?