ኮፈኑ ላይ የቀረው መዳፍ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው የወንድሜ ሚስት የጓሮውን በር የከፈተችልኝ። ያደረችበትን ልብስ አልቀየረችም።

«ዛሬ ካላጠፋሽልኝ እኔም እዚሁ መቅረቴ ነው» አለችኝ።

እንዲጠፋላት የፈለገችው የወንድሜ መዳፍ ነው። ወንድሜ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚሁ ጓሮ ውስጥ፣ የራሱን መኪና ሲደርቅ ጠንክሮ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውን ፈሳሽ እየቀባ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሲወድቅ ቀኝ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ነበር። እኛ ስንላቀስ ፈሳሹ ደረቀ፤ መዳፉም እንደታተመ ቀረ። የቀለበት ጣቱ ጫፍ በልጅነቱ ስለተቆረጠ ከሌላ ሰው እጅ ጋር አይምታታም።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ሚስቱ ሥራዋን ትታ፣ እህል ውሃ ሳትል፣ እጇን እዚያ ላይ ለጥፋ ትውላለች። «ይሞቃል» ትለኝ ነበር። እኔ ነክቼው አላውቅም።

ሥራውን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ጓንት አደረግኩና የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክሬ መፈተግ ጀመርኩ።

«ቀስ በይ፣ ያመዋል» አለች። ወዲያው በራሷ አፈረች መሰለኝ፣ «ለእኔ እንዲህ ተጠንቅቆልኝ አያውቅም እኮ! ለመኪናው ግን እጁን ሁለቴ ታጥቦ ነው የሚቀርበው።»

«አንቺ እንደ መኪናው መቼ ትጫሪያለሽና!» አልኳት።

ሳቀች። ከሳቀች ሦስት ሳምንቷ ነበር።

መዳፉ ጠፋ። ቦታውን በአልኮል ጠርጌ ፈሳሹን በስፖንጅ መጀመሪያ ቁልቁል፣ ከዚያ አግድም ቀባሁት። የቀስተ ደመና ቀለም ሲያወጣ በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩት። ኮፈኑ ላይ ከሰማዩ በቀር ምንም አይታይም።

«እፎይ» አለች። «ራበኝ። የሚበላ ልሥራ።»

እሷ ስትገባ ጨርቁን ላጥፍ ዞር አልኩ፤ የሹፌሩ በር ላይ አየሁት። ያው መዳፍ፣ ያው አጭር ጣት። ወደዚያ በር አንዳችንም አልተጠጋንም። ከኩሽና ሽንኩርት ሲከተፍ እየሰማሁ፣ ፈተግኩት፤ ቀባሁት፤ ወለወልኩት። ቀና ስል የመኪናው የኋላ በር ላይ ነበር። እሱንም አጠፋሁት። ከዚያ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ ወጣ።

ያኔ ገባኝ። የመኪናው አፍንጫ ወደ አጥሩ፣ ጀርባው ወደ ቤቱ ነው። ባጠፋሁት ቁጥር፣ መኪናውን እየተደገፈ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ቤቱ እየቀረበ ነበር። ከዚህ ክዳን ቀጥሎ ያለው ወደ ቤቱ የሚያስገባው የጓሮው በር ነው።

የብርጭቆ ወረቀቱን ጣልኩት። ጓንቴን አውልቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካሁት። እውነቷን ነው፤ ይሞቃል።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት በሹክሹክታ፣ «እዚህ ይብቃህ። ትብላ፣ ተዋት።»

መኪናውን ሸራ አልብሼ ገባሁ።

«አለቀ?» አለች፣ አፏ እንደሞላ።

«አለቀ።»

«ታዲያ ከኋላው ምን ትሠሪ ነበር?»

«ኮፈኑ ብቻውን ሲያብለጨልጭ አስጠላኝ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳህኗን ጨረሰች።

ሰኞ ሥራዋ ገባች። በዚያው ሳምንት ግንበኛ ጠርታ የጓሮውን በር በብሎኬት አስዘጋችው።