ጦና ፈረመልኝ

የዘሩባቤል ሱቅ ከሶዶ መናኸሪያ በር ፊት ለፊት ነበር። ሱቅ የምለው ለክብሩ ነው እንጂ፣ በላዩ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት ቆርቆሮ ነው። ካሴት እንሸጣለን፣ ሲዲ እንገለብጣለን፣ ፖስተር እንሰቅላለን። ሻጯ እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቀሪውን ትምህርት በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለጨረስኩ፣ የተማሩትን ማረም ደስ ይለኝ ነበር። ፊርማም ነበረኝ። የማርያምወርቅ የሚለውን ረጅም ስሜን ክንፍ አውጥቼለት፣ እንደ ወፍ አበረው ነበር፤ የምፈርምበት ጉዳይ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት ጦና የሚባል አጥቂ ከተማችንን አሳበዳት። ሁምቦ ውስጥ ተበላ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ተነስቶ አዲስ አበባ ክለብ የገባ፣ ከዚያም ለብሔራዊ ቡድን የተጠራ ልጅ ነው። ለወዳጅነት ጨዋታ ሶዶ በመጣ ጊዜ ዘሩባቤል ምሳ ጋበዘውና፣ ምግቡ እስኪደርስ አንድ ክምር ፖስተር አስፈረመው። ልጁ እየሳቀ ፈረመ አሉ። ከምሳ በኋላ የክለቡ መኪና ይዞት ሄደ። ተበላን እንኳ ሳያያት።

ያልተፈረመበት ፖስተር አምስት ብር፣ የተፈረመበት አሥር ብር ብለን ጀመርን። ጦና ለብሔራዊ ቡድን ጎል ሲያገባ አሥሩ ሃያ አምስት ሆነ። ዘሩባቤል ዋጋ የሚያነበው ከገዢው ዓይን ላይ ነው። ክምሩን አግዳሚው ሥር ደብቆ ሁለት ብቻ ይሰቅላል፤ እኔ ደግሞ "የመጨረሻዎቹ" ብዬ ባማረ ጽሕፈት እጽፍበታለሁ። ተማሪዎች ለሦስት አዋጥተው ይገዙና በየተራ ያሳድሩታል። አንዱ፣ ጦና በነፃ የፈረመውን እንዴት በዚህ ዋጋ ብሎ ቢያላዝንብኝ፣ አዲስ አበባ በእግር ሦስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሄዶ በነፃ እንዲያስፈርም መከርኩት። መናኸሪያው ሁሉ ሳቀ። የሳቀልኝን ሰው እወድ ነበር።

ሴትዮዋ የመጣችው ዋጋው ሃያ አምስት በነበረ ጊዜ ነው። ጠና ያለች፣ ነጠላዋን አጥብቃ ያጣፋች፣ የፕላስቲክ ጫማ ያጠለቀች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ስንት ነው?"

"ወንድ መሰልኩሽ?" አልኳት። አንቺ ነው ያልኳት፣ በእናቴ ዕድሜ ያለችውን።

ወላይትኛ እችላለሁ። እዚሁ ተወልጄ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ አቡክቼ እንዴት አልችል? ሱቅ ውስጥ ግን አልናገረውም ነበር። በወላይትኛ ከመለስሽ ዋጋ ይወርዳል ይል ነበር ዘሩባቤል። ሐቁን ለመናገር የሱ ምክር አላስፈለገኝም፤ እኔም ከገበያተኛው ከፍ ብዬ መታየት ይጥመኝ ነበር። ሴትዮዋ ስለዚህ በማትችለው ቋንቋ ከእኔ ጋር ስትታገል ከረመች።

ያልተፈረመበትን ርካሹን ባሳያት ገፋችው። "ፊት አልፈልግም" አለች። ጣቷን ታችኛው ጥግ ላይ፣ ፊርማው ላይ አሳረፈች። "ይሄን ነው።" የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከፈለችና ስንት እንደቀረ ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት።

በሳምንቱ ለሁለቱ የሚሆን ይዛ መጣች። እኛ ደግሞ ሠላሳ አምስት አድርገነዋል። አንዱን ገዝታ፣ ለሌላው ተመልሳ መጣች። ያን ለት ሁለት አዲስ ተሰቅለው አገኘች። ቁጭ አለች፣ እዚያው አቧራው ላይ።

"አላለቀም?"

በረንዳው ላይ የተኮለኮሉ ልጆች ነበሩ፤ እንዲስቁልኝ ፈለግኩ። እማማ በስተርጅና በኳስ ተጫዋች ፍቅር ወደቀች አልኩና ጨመርኩበት።

"የጦና ፊርማ እንዴት ያልቃል? እጁ እስካለ ድረስ ይፈርማል።"

ሳቁልኝ። እሷ ግን ወደ ላይ አንጋጣ እጄን አየችው፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን። ተነስታ ሄደች።

ስትመለስ ነጠላዋ በአራቱም ጫፍ ተቋጥሯል። ዘሩባቤል ቋጠሮውን አይቶ ስድሳ አለ፤ ከአግዳሚው ሥር ክምሩን በሙሉ አወጣ። አልተከራከረችም። ገንዘቡን ቆጥራ ሁሉንም ወሰደችና ሌላ እንደሌለ ማል አለችው። በማርያም ብሎ ማለ። ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ነበር።

ከዚያ ቦልቴ መጣ፤ ወደ ተበላ የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነው። ዘፈን እንድገለብጥለት ፍላሹን እየሰጠኝ፣ እናንተ እኮ የጦናን እናት ጊደር በላችሁ አለኝ እንደ ቀልድ። የልጇን ፎቶ ለመግዛት ጊደሯን ሸጠች ብሎ ተበላ በሙሉ ያወራል። እኔም ቀድሜ ሳቅኩ። እናቱ ከሆነች ፊቱን መቼ አጣችው ልል አፌን ስከፍት፣ "ፊት አልፈልግም" ያለችው ትዝ አለኝና አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ለዘሩባቤል ነገርኩት። እናት አትግዛ የሚል አዋጅ አለ ወይ ብሎ መለሰልኝ። ከመሳቢያው የጊደሯን ገንዘብ አነሳሁ። ይዘሽው ከወጣሽ አትመለሺ አለኝ። ቁልፉን አግዳሚው ላይ ትቼለት የቦልቴ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ተበላ ወርጄ በቆሎ ማሳ ለማሳ ሄድኩ፤ የጦና እናት የቦሼ ቤት የት እንደሆነ የማያውቅ የለም። በሩ ክፍት ነበር። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ጦና ነው፤ አንድ ዓይነት ሳቅ፣ አንድ ዓይነት ማልያ። የሁሉም ታችኛው ጥግ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ፊርማ ያለበት አንድም የለም። ምድጃው ዳር ያልነደደ የፖስተር ቁራጭ ወድቆ ነበር፣ ጣት የሚያህል።

ከመቀመጤ ስኳር ድንች ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችልኝ። እኔን፣ እንግዳ ብላ።

"እናቱ እንደሆኑ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳት። በወላይትኛ ነው።

የያዘችውን ድንች አስቀመጠች።

"ቋንቋው ነበረሽ?"

አንገቴን ደፋሁ።

"እናቱ መሆኔን ብነግርሽ ዋጋ ትጨምሩብኛላችሁ ብዬ ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ እንጨምር ነበር።

በራሷ ቋንቋ ስትናገር ሌላ ሰው ናት፤ ቃሏ አይደናቀፍም። የጎረቤት ልጅ ከሶዶ ፖስተር ይዞ መጥቶ "ጦና ፈረመልኝ! ጦና ፈረመልኝ!" እያለ በመንደሩ ሲሮጥ ሰማች። ባሏ ዳልጮም ለጎረቤቱ ፈርሞለት ነበር፣ ለማዳበሪያ ብድር ዋስ ሆኖ። ያ ጎረቤት ማዳበሪያውን ወስዶ ጠፋ። በፊርማው የዳልጮ በሬ ተነዳ፤ በሬው አልበቃ ሲል ዳልጮ ራሱ ታሰረ። ከእስር ሳል ይዞ ወጣ፤ ሳሉ ቀበረው። እና የጎረቤቱን ልጅ ጦና ለስንት ሰው ፈረመ ብላ ጠየቀችው። ለአንድ ክምር ነው፣ ሶዶ ይሸጣል አላት። ወደ ጦና ብታስደውል ውጭ አገር ልምምድ ላይ ነው ተባለች።

"ሞኝ ነው እንደ አባቱ" አለች። "ምሳ ያበሉት ሁሉ ዋስ የሚያደርጉት።"

ያነበብኩትን ሁሉ አውጥቼ አስረዳኋት። የታዋቂ ሰው ፊርማ ፍቅር እንደሆነ፣ ማስታወሻ እንደሆነ፣ በዓለም ሁሉ እንዲህ እንደሚደረግ። እስክጨርስ ድረስ አዳመጠችኝ፤ እኔ ገበያተኛውን አዳምጬ በማላውቀው መንገድ።

"ዕዳ የሌለበትን ወረቀት ሰው በስድሳ ብር ይገዛል?"

አንድ ድንች አነሳሁ፤ እሷ ቀጠለች።

"መጀመሪያ አሥር ነበር አሉኝ። እኔ ስመጣ ሃያ አምስት ሆነ። ከዚያ ሠላሳ አምስት፣ ከዚያ ስድሳ። ልጄ፣ ተቀምጦ የሚጨምር ነገር ወለድ ብቻ ነው።"

ያን ሁሉ ጋዜጣ አንብቤ ለዚህ የሚሆን አንድ መስመር አላገኘሁም። ገንዘቡን አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ፤ የእርስዎ ነው፣ ይቅርታ፣ ጊደሯን መልሰው ይግዙ አልኩ። እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች።

"ከተቀበልኩሽ ፊርማው ይመለሳል። ያቃጠልኩት ሁሉ ይመለሳል። መልሰሽ ያዢው።"

ለመንኳት። አላየችውም። ሳይቸግራት ቀርቶ አይደለም፤ በላይዋ ያለው ጣሪያ ሰማይ ያሳያል። ብሩ በሁለታችን መካከል ተቀመጠ፣ እሷ የማትነካው፣ እኔም የማልነካው።

ተነሳችና ከግድግዳው አንዱን ጦና ነቅላ ጀርባውን ገልብጣ ሰጠችኝ።

"ማዘንሽ እውነት ከሆነ ፈርሚልኝ። ከእንግዲህ በልጄ ላይ ማንም አይመጣም ብለሽ።"

እስክሪብቶ ከኪሴ አይጠፋም። ብፈርምላት ዕዳ ነበር ብዬ መመስከሬ ነው፤ ባልፈርምላት ደግሞ እንቅልፍ ነሥቻት መሄዴ ነው። ፖስተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ፤ ጦና ምንም ዕዳ የለበትም። ከተወለደ ጀምሮ እውነት የነበረ ነገር። ከሥሩ ልፈርም ስል ያቺ ወፌ አልበርም አለች፤ በእጄ አፈርኩ። ስሜን ፊደል በፊደል፣ አንደኛ ክፍል እንደገባ ልጅ፣ የማርያምወርቅ ብዬ ጻፍኩት።

ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ በጣቷ እየተከተለች ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሄደች። ከዚያ አጠፈችውና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

በስተመጨረሻ ቋንቋዬን ማክበሯ ይሁን፣ ወይስ ከሻጭ ጋር የሚነገረው አማርኛ ብቻ መስሏት እንጃ፣ ወደ አማርኛ ተመለሰች። በአንድ እጇ ወረቀቱ ያለበትን ደረቷን ነክታ፣ በሌላው የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ትፈታ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ይሄስ ስንት ነው?"