የማይለቅ ጥቁር

ሸፊ የተቀቀለውን እንቁላል በጥፍሩ እየላጠ፣ ነጩን ወደ ሚስቱ ሰሃን፣ አስኳሉን ወደ ራሱ ጣሳ ይለይ ነበር። እንቁላሉ እሳት ላይ ከልክ በላይ ስለቆየ አስኳሉ ዙሪያውን አመድ መስሏል። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው፤ ብር የሚያጠቁረው ይሄ ሽታው ነው።

«ክርስቲያኖቹ ጾም ገቡ፣ እኛ በእንቁላል ልንፈነዳ ነው» አለች ሙኒያ ነጩን በሚጥሚጣ እየነካች። «በዚህ ሽታ ደግሞ ጎረቤቱ ጉድ ብሎናል። ዘርትሁን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ‹አይጥ ሞቶባችኋል እንዴ?› አትለኝም!»

«ምን አልሻት?»

«‹ኧረ የለም፣ ባሌ ሥራ ላይ ነው› አልኳታ!»

ሸፊ ሳቅ አለ፤ ዓይኑን ግን ከጣሳው አልነቀለም።

እንቁላሎቹ ቁስቋም መውጫ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት የእትዬ የዓለምወርቅ ናቸው። ዶሮዎቻቸው ጾም ስለማያውቁ የተጠራቀመውን ሁሉ በዘንቢል ይዘውለት መጥተዋል። አንድ ልጃቸው ስለሺ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ለቅሶ መቀመጥ ተከለከለ። አንድ ጠዋት ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ቢወጡ የቀበሌ ጠባቂ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ለማን ነው ይሄ?» አላቸው። ቤታቸው ተመልሰው ነጭ ለበሱ።

ከዚያ በኋላ ነው የብር የአንገት መስቀላቸውን ፈትተው አንጥረኛው ሸፊ ሥራ ቤት የመጡት።

«አጥቁርልኝ ልጄ» አሉት። «ከቀሚሴ ሥር ማንም አያየውም። እኔ ካወቅሁት ይበቃኛል።»

መስቀሉን የሠራው ራሱ ሸፊ ነበር። ያሠራው ደግሞ ስለሺ ነው፣ በመጀመሪያ ደመወዙ። «ሸፊ፣ አደራ፣ እንዲያብረቀርቅ አድርገው» ብሎት ነበር፤ «እናቴ ከሽሮ ሜዳ ስትመጣ ከሩቅ እንድለያት።» ሸፊም እንደ ቃሉ ፊት እስኪያሳይ ወለወለው።

ያን ጊዜ የተሳሳተውም በዚሁ ነው። ለማጥቆር ሲነሳ እጁ እንደ ልማዱ አስቀድሞ መወልወል ጀመረ። ከእሱ ቤት ሳያብረቀርቅ የወጣ ብር የለም፤ ያውም የስለሺ መስቀል። ከዚያ ድኝ በአመድ ውሃ አፍልቶ ነከረው። ወዲያው እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። እትዬ የዓለምወርቅ ግንባሩን ስመውት ሄዱ።

የጾሙ መግቢያ ላይ ተመልሰው መጡ። መስቀሉ መሐሉ ነጥቷል። ጥቁሩ ከጠርዙ ላይ ብቻ እንደ ቆሻሻ ቀርቷል።

«ነጣብኝ» አሉ፣ እንዳጠፋ ልጅ አቀርቅረው። «ዛሬ ሳየው ደነገጥሁ። ሳላውቀው መርሳት ጀመርሁ እንዴ አልኩ።»

ሸፊ እጁን ዘረጋ። «የእኔ ጥፋት ነው እትዬ» ብሎ መስቀሉን ተቀበላቸው።

አሁን ቀስ ብሎ ነው የያዘው። በለሰለሰ ብር ላይ ጥቁር እንደማይቆም ገብቶታል፤ የሚቆናጠጠው ሻካራ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሸክላ ዱቄት በጨርቅ ይዞ ያንን የስለሺን ማብረቅረቅ ፈተገው። እጁ እምቢ እያለው ፈተገው። ብልጭታው ጠፍቶ ድፍን ሲል በእንዶድ አጠበው፣ ከዚያ ወዲያ በጣቱ አልነካውም። በክር አስሮ አስኳሉ ሳይነካው ከጣሳው ውስጥ አንጠለጠለውና ከደነው። ብሩ መጀመሪያ ማር መሰለ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ እንደ እርግብ አንገት፣ በመጨረሻ ጥቁር። አውጥቶ አጠበው፤ በአዲስ አስኳል መልሶ ሰቀለው። ስሱ በስስ ላይ ሲደራረብ ከወፍራሙ ይበልጥ እንደሚጸና ያውቃል።

ግን መሐሉን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ሲያሸው፣ ቀስ እያለም ቢሆን ሳሳ።

«ይህም ይለቃል» አለ ተስፋ ቆርጦ። «ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የሚነጣው?»

ሙኒያ ሰሃኗን አስቀመጠች። «አላየሃቸውም? ቦኖው ጋ የውሃ ወረፋ ስንጠብቅ እኔ አያቸዋለሁ። እጃቸው ከአንገታቸው ሥር አይወጣም። አውራ ጣታቸው እንዲህ፣ እንዲህ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ» ብላ በራሷ ደረት ላይ አሳየችው።

ሸፊ አውራ ጣቱን ከመስቀሉ ላይ አነሳ።

«ረስተውት መስሏቸው ነበር እኮ» አለ።

«ወይ መርሳት!» አለች ሙኒያ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጣታቸውን አትከለክል። ጥቁሩን ጣታቸው የማይደርስበት አስቀምጠው በቃ።»

ሸፊ መቅረጫውን አነሳ። የመስቀሉን መሐል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ፣ እንደታረሰ ማሳ ጥልቅና ቀጫጭን ትልም አወጣበት። ስም አልጻፈም። እንደገና አጥቦ ከአዲስ አስኳል በላይ ሰቀለው።

እትዬ የዓለምወርቅ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። ሸፊ መስቀሉን በእጃቸው ላይ አኖረላቸው።

«ይሹት» አላቸው።

«እንዳላበላሸው?»

«ይሹት እትዬ፣ ግድ የለም። እንደ ልማድዎ።»

ጣታቸው ቦታውን ራሱ አገኘው። መጀመሪያ ፈራ ተባ እያሉ፣ ኋላ ግን ጠንከር አድርገው አሹት። ከትልሞቹ አናት ላይ ቀጭን ነጭ ብልጭ አለ። ከሥሩ ያለው ጥቁር ግን ነጩ በወጣ ቁጥር ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

«ነጣ እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«የላዩ ይነጣል። የሥሩ ጋ ጣትዎ አይደርስም። ያኛውም ጊዜ የነጣው ስለረሱት አይደለም፤ አልለቅ ብለውት ነው።»

ሴትዮዋ ትልሙን አንዴ ደግመው አሹት። ከዚያ መስቀሉን በማተባቸው አስረው ከነጭ ቀሚሳቸው ሥር ከተቱት። መዳፋቸውን በላዩ ላይ አደረጉ።

«ስለ ስለሺ እንዲህ ብሎ ያወራኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «እግዜር ይስጥህ።»

ሙኒያ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ሸፊ የእንቁላሉን ቅርፊትና አስኳል ጓሮ ቀበረ፤ ጣሳውን በአመድ ፈትጎ አጠበና ሽታው እንዲወጣ ደጃፉ ላይ ደፍቶ አስቀመጠው።

«ያንን ጣሳ ለወተት ብለህ እንዳታመጣብኝ!» አለች ሙኒያ ከአጥሩ ሥር።