ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ኩማ ብሎግ የጀመረው ሰው እንዲያነብለት ብሎ አይደለም። በሀዋሳ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነው። አንድ ክረምት የጥገና ክፍሉ ጣሪያ አፈሰሰና የአራት ዓመት የሥራ ደብተሩን አበሰበሰው። የትኛው ማሽን መቼ ምን ሆኖ እንደነበር፣ እሱስ ምን አድርጎ እንዳስነሳው የመዘገበበት ወረቀት ገጽ ከገጽ ተጣብቆ ሊጥ ሆነ። አለቃው ሳምሶን አዲስ ደብተር ሰጠው። ኩማ ተቀበለ፤ ግን አላመነውም። በስልኩ ብሎግ ከፈተና በየምሳ ሰዓቱ ከጥገና ክፍሉ ጀርባ፣ አሮጌ አልጋዎች በተከመሩበት ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይጽፍ ጀመር። ስሙንም «የጥገና ማስታወሻ» አለው።

በአማርኛ የጻፈው ከማሽኖቹ ጋር የሚመጣው መመሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ስለነበር ነው። አማርኛ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። ተወልዶ ያደገው ሀዋሳ ዳር ቱላ ነው፤ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ከሲዳሙ አፎ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። ኮሌጅ ሳለ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ አነጋገሩን እያስመሰሉ ይስቁበት ስለነበር፣ ሥራ ከያዘም በኋላ ስብሰባ ላይ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይናገርም። ብሎጉን ግን የሚያየው የለም ብሎ ስላሰበ እንደ ልቡ ጻፈ።

ሚስቱ ታቢታ አንድ ቀን ስልኩን ተቀብላ አየችውና፣ «ማን ያነበዋል?» አለችው።

«እኔ።»

«ታዲያ ለምን አደባባይ ላይ ትጽፈዋለህ?»

«ጣሪያ እንዳያፈስበት።»

የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አለፈ። በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ሰው ብሎጉን ቢከፍተው፣ ግማሹ ራሱ ኩማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከአሶሳ አብዱራህማን የሚባል የሙያ ባልደረባ መልእክት ላከለት። «ወንድሜ፣ ስለ ኦክስጅን ማሽን የጻፍከውን አንብቤ የቆሙ ሁለት ማሽኖች አስነሳሁ። እዚህ ብቻዬን ነኝ፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም» ይላል። ኩማ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ለማንም አላሳየም። የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ባጃጁ ሰፈሩን አልፎ መሄዱን ያወቀው ሾፌሩ ዞር ብሎ «ወንድም፣ የት ነው የምትወርደው?» ሲለው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በየሳምንቱ ይጻጻፉ ጀመር። አብዱራህማን የተቸገረበትን ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ኩማ የሚያውቀውን ይመልሳል፤ ጥያቄው ደግሞ ለሚቀጥለው ጽሑፍ ርዕስ ይሆናል።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ሌላ ሰው መጣ። ይህኛው ስሙን አልተናገረም፤ «አንባቢ» ብቻ ነው የሚለው። የመጀመሪያው አስተያየቱ አንድ መስመር ነበር፦ «‹ማሽኑ ከፈትኩት› አይባልም፤ ‹ማሽኑን ከፈትኩት› ነው።» በሳምንቱ ደግሞ፦ «በአራት መስመር ውስጥ ሦስት ጊዜ ‹ን› ጎድሏል።» ምስጋና የለ፣ ሰላምታ የለ። ኩማ አንድ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር ከሥሩ የአንባቢ እርማት ይከተላል።

ኩማ ክው አለ። የኮሌጁ መኝታ ክፍል ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። መጀመሪያ የጠረጠረው ሳምሶንን ነበር፤ በሆስፒታሉ ውስጥ ብሎጉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና። አንድ ሁለት ቀን በጎሪጥ ሲያየው ሰነበተ። ሳምሶን ግን ነጠላ ሰረዝን ከድርብ ሰረዝ የማይለይ ሰው መሆኑን ሲያስብ ጥርጣሬውን ተወው። ጥርጣሬውን ቢተውም ሆዱ አልሻረም። መጻፉን አቆመ። በምሳ ሰዓት እንደ ሰዉ ካፌ መቀመጥ ጀመረ።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አብዱራህማን ደወለለት። እስከዚያ ቀን አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

«ታመህ ነው እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

ኩማ ማሳበቢያ ፈልጎ አጣና እውነቱን ነገረው። አብዱራህማን ሰማውና፣ «ስማ፣ የኔም አማርኛ ከአንተ አይሻልም፤ ስለዚህ ስህተቱን አላየሁትም። የተባለው ትክክል ነው ወይ?» አለው።

«ትክክል ነው።»

«ታዲያ አስተካክለው። ትክክል የነገረህ ሰው ምን በደለህ?»

ኩማ ስልኩን ከዘጋ በኋላ የቆዩትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ከፍቶ አረማቸው። ሦስት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻው ላይ «አንባቢ፣ አርሜዋለሁ፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ። መልሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። «እኔም አመሰግናለሁ። ጽሑፍህን በእጄ ወደ ደብተር ስለምገለብጠው ነው፤ ስህተት እያየሁ መገልበጥ አልችልም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የባለቤቴ ኦክስጅን ማሽን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ይጮኻል። ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሀዋሳ ነው ያለሁት።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ኩማ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሄደ። ቤቱ ከመሃል ከተማ ብዙ አይርቅም። በሩን የከፈቱለት ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው።

«ኩማ ነህ? ግባ ልጄ። አበበች እባላለሁ።»

ወይዘሮ አበበች ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ክብሩ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ሳንባቸው ደክሟል፤ በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ አድርገው ሶፋው ላይ ትራስ ደገፍ ብለዋል። ኩማ ሰላምታ ሰጥቶ ማሽኑን በዓይኑ ፈለገ። ቤቱ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የሶፋው ክንድ ሳይቀር ለብሷል። ማሽኑን ያገኘው ቱቦውን በዓይኑ ተከትሎ ነው። በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሃል ተሸጉጦ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል።

ወይዘሮ አበበች ደብተራቸውን አምጥተው ዘረጉ። የኩማ ጽሑፎች ከነቀናቸው በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተገልብጠዋል። ኩማ የራሱን ነገር በዚያ መልክ ሲያይ የሌላ ሰው መሰለው።

«ይኸው፤ ከዚህ ውስጥ ያልተከተልኩት የለም» አሉ። «ማጣሪያውን በየሳምንቱ አጥባለሁ። ውሃውን በየቀኑ እቀይራለሁ። የመብራቱን ማረጋጊያም ገዝተናል።»

«ዳንቴሉስ?»

ወይዘሮ አበበች ማሽኑን አዩ፤ ከዚያ ደብተሩን አዩ። «እሱን አልጻፍክም» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ኩማ ሆስፒታል ውስጥ ዳንቴል የለበሰ ማሽን አይቶ ስለማያውቅ መጻፍ እንዳለበት አልመጣለትም። ተንበርክኮ ጎኑን አሳያቸው። «አየር የሚስበው በዚህ በኩል ነው። እዚህ ሲሸፈን፣ ከግድግዳም ሲጠጋ ይታፈናል፤ ይሞቃል። ሲሞቅ ነው የሚጮኸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤቱም ይሞቃል።»

አቶ ክብሩ ከሶፋው ላይ ሳቅ ጀምረው ሳል አቋረጣቸው። «አርባ ዓመት ሙሉ ይብቃሽ፣ ዳንቴል አትሥሪ ስላት ሰምታኝ አታውቅም» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «አንተን ትስማህ።»

ወይዘሮ አበበች ዳንቴሉን ገፈው አጣጠፉት። ኩማ ማሽኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቀው፣ ከፍቶ አቧራውን ጠረገና ዘጋው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጦ ጠበቀ። አልጮኸም። ሊሄድ ሲነሳ፣ «ስለዚህ ትጽፋለህ አይደል?» አሉት ወይዘሮ አበበች። «ከመለጠፍህ በፊት ለእኔ ላክልኝ። ሕዝብ ፊት ማረሜ ደግ አልነበረም።»

ጽሑፉ «ማሽኑን ዳንቴል አታልብሱት» የሚል ነበር፤ ርዕሱን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ኩማ እንደ ወትሮው አርባ ሃምሳ ሰው ያየዋል ብሎ አስቦ ነበር። አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ አጋራው፤ ሌላውም ተቀበለ። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ ሰው አነበበው። «እኛ ከመጋረጃ ጀርባ ነው ያስቀመጥነው፤ አሁን አወጣነው» የሚል መጣ። «እናቴ ብርድ እንዳይመታው ብላ ጋቢ ታለብሰው ነበር» የሚል መጣ። «ይህም ትምህርት ሆኖ ይጻፋል?» ያለም አልጠፋ። ኩማ ሁሉንም አነበበ፤ የጠየቁትን መለሰ፤ ሌላውን ተወ።

ሳምሶን ጠራውና፣ «በሥራ ሰዓት ነው የምትጽፈው?» አለው።

«በምሳ ሰዓት።»

«እህ» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ከዚያ በሳምንቱ ኩማ ወደ ሕፃናት ክፍል ለጥገና ሲገባ ከኦክስጅን ማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ የራሱን ጽሑፍ ታትሞ ተለጥፎ አገኘው። ከሥሩ የጥገና ክፍሉ ማኅተም አርፎበታል። በአዋቂዎች ክፍልም፣ በድንገተኛ ክፍልም እንዲሁ። ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማንም እንደማያነብ ሳምሶን ያውቃል። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳም፤ ኩማም አልጠየቀውም።

በዓመቱ መጨረሻ ለወረዳ ሆስፒታሎች ጠጋኞች ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ድርጅት አሠልጣኝ እፈልጋለሁ አለ። ማስታወቂያውን ያየችው ታቢታ ናት። ዲግሪ ይጠይቃል፤ ኩማ ያለው ዲፕሎማ ነው። «አስገባ፤ ከለከሉህ ከለከሉህ ነው» ብላ እሷው ማመልከቻውን አስፈረመችው።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ከሰብሳቢዋ ፊት ወፍራም ወረቀት ተከምሯል፤ ኩማ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሲያየው ብሎጉ ነው።

«ዲግሪ የለህም» አለች ሰብሳቢዋ።

«የለኝም።»

«ይህን የጻፈልህ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። የአማርኛ ስህተቴን የሚያርሙልኝ አንድ መምህርት አሉኝ። ስለ ማሽኑ ያለው ስህተት ግን የእኔ ነው።»

ሰብሳቢዋ ፈገግ አለችና አንዱን ገጽ ገልጣ፣ «ይህን አስረዳን» አለችው። ኩማ ማስረዳት ጀመረ። ማሽን ለምን እንደሚሞቅ፣ ድምፁ ሲቀየር ምን ማለት እንደሆነ፣ አብዱራህማን የላከለት ፎቶ እንዴት እንዳሳሳተውና በኋላ እንዴት እንደታረመ ነገራቸው። ሲጨርስ ሰዓቱን አየ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናግሯል።

ሥራውን ሰጡት። የመጀመሪያ ተግባሩም ብሎጉን ወደ ማሠልጠኛ መጽሐፍ መቀየር ሆነ። ኩማ ወይዘሮ አበበች በአራሚነት እንዲቀጠሩ ጠየቀ፤ ተፈቀደ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው ይከራከራሉ። በጣም የተጣሉት በአንድ ቃል ነው።

«‹ማጣሪያ› እያለልን ‹ፊልተር› ምን ይሠራል?» ይላሉ እሳቸው።

«መምህርት፣ ነርሶቹ ‹ፊልተር› ነው የሚሉት። ‹ማጣሪያ› ካልኳቸው የሻይ ማጥለያ ይመስላቸዋል።»

አቶ ክብሩ ከሶፋው ላይ፣ «ሰው የሚለውን ይጻፍ፤ ማሽኑን የሚከፍተው ሰውዬው ነው» አሉ። ወይዘሮ አበበች ሳምንት አስበው እሺ አሉ። ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ፊልተር፣ ማለትም ማጣሪያ» የሚል ካልገባ አልፈርምም አሉ፤ ገባ።

መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ አቶ ክብሩ አረፉ። አንድ ማለዳ ተኝተው ሳሉ ነው፤ ማሽኑ እየሠራ ነበር። ኩማ ቀብር ሄደ፤ ድንኳን ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን አልተወም፤ የሚታረም ነገር ግን ይዞ አልሄደም።

በሁለተኛው ወር ወይዘሮ አበበች፣ «ማሽኑን ውሰድልኝ፤ ለሚያስፈልገው ሰው ስጥ» አሉት። ኩማ እዚያው ቤት ከፍቶ አጸዳው፣ የሚለወጠውን ለወጠ፣ የሚወጣውን ኦክስጅን ለካ። ሥራውን ሲጨርስ እሳቸው አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነበር።

«የማሽኑን ነገር አንተ ጽፈሃል» አሉ። «ማሽኑ አጠገብ የሚቀመጠውን ሰው ነገር ግን የጻፈ የለም።»

«እርስዎ ይጻፉታ።»

«የት?»

ኩማ እስክሪብቶ ተቀበላቸውና የብሎጉን የይለፍ ቃል ደብተራቸው ላይ ጻፈላቸው።

የወይዘሮ አበበች ጽሑፍ የወጣው ኩማ ለሥልጠና አንድ ወረዳ ሆስፒታል በሄደበት ሳምንት ነው። ሠልጣኞቹ እስኪገቡ ድረስ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ በስልኩ አነበበው። ስለ ዳንቴል የለም፤ ስለ ማሽንም ብዙ የለም። ባልሽ ትንፋሽ ሲያጥረው ፊቱ ቁጭ ብሎ ምሳ እንዴት እንደሚበላ፣ ስትደክሚ ለማን እንደሚነገር፣ ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ አስታማሚዋን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ማለት ለምን እንደሚረሳ ጽፈዋል። ከሥሩ አሥራ ሰባት አስተያየቶች ነበሩ። የመጀመሪያው የአብዱራህማን ነው፤ «መምህርት፣ እኔም እናቴን ሁለት ዓመት አስታምሜአለሁ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም» ይላል። ወይዘሮ አበበች ለእሱ ረዘም ያለ መልስ ሰጥተውታል።

ኩማም አንድ ነገር ሊጽፍ ጣቱን ሰነዘረ። ሠልጣኞቹ ወንበር እየሳቡ መግባት ጀመሩ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ማሽን ክዳን መፍታት ጀመረ።