ሐዘን የማያውቁት እንግዶች

ሐዳሳ ሶፎንያስን መጠርጠር የጀመረችው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» ይባል የለ? የፊዚክስ አስተማሪው ሶፎንያስ ሆሳዕና ባለው ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያጫውታቸው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ክፋት አልነበረውም። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሐዳሳ፣ ወንድሟ ተገኘና መለዋወጫ ሻጩ ጁነዲን የጠፈር መርከብ ሠራተኞች ሆነው ይናገራሉ፤ ያሰቡት መሳካት አለመሳካቱን ጠረጴዛ ላይ የሚወረወረው ባለ ነጥብ ዳይስ ይወስናል። ወንድሟን ጎትታ ያመጣችው ራሷ ናት። ሚስቱ ሶስና ከሞተች ሰባት ወሯ ነው፤ ተገኘ ግን እሁድ እሁድ ቦኖሻ ከተማ ያለው መቃብሯ ድረስ እየተመላለሰ ሰው መሆን አቅቶት ነበር።

ሶፎንያስ ወደ መርከቡ ያስገባቸው እንግዳ ፍጡራን መሣሪያ የላቸውም። አይጮሁም፣ አይናከሱም። ያላቸው ትምህርት ብቻ ነው፤ ሐዘን በሽታ ነው፣ የሚያስለቅስህን ትዝታ ስጠንና ዳን ይላሉ። እነሱን ሆኖ ሲናገር ሶፎንያስ እንደ ደግ ሽማግሌ ለስለስ ይላል።

«በቃ፣ ስታለቅስ ትመለሳለች? ለራስህ እወቅበት።»

ሐዳሳ ይህን ቃል የሆነ ቦታ ሰምታዋለች። ከየት እንደሆነ አልመጣላትም፤ ይህ ደግሞ ጥርጣሬዋን አባሰው።

መጀመሪያ ያመናቸው ጁነዲን የሚጫወተው የመርከቡ መካኒክ ነበር። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ እንቅልፍ ሰጡኝ» ብሎ ጁነዲን ሳቀ። በሚቀጥለው ዳይስ መካኒኩ የገዛ ልጁን ስም አጣ። ከዚያ ወዲያ ጁነዲን አልሳቀም።

ሐዳሳ የፈራችው ለወንድሟ ነው። ሶስና ከዳምቦያ ገበያ የላከችለት አንድ የድምፅ መልእክት ስልኩ ላይ አለ፤ ሳይሰማው አይተኛም። ይህ የሶፎንያስ ጣፋጭ ስብከት ከጨዋታ አልፎ ልቡ ቢገባስ?

ዛሬ ተራው የተገኘ ሆነ። «ካፒቴን፣ ትዝታህን ትሰጠናለህ?» አለው ሶፎንያስ።

«ሰጥቻለሁ» አለ ተገኘ፣ ዳይሱን ሳይነካ። እጁ ስልኩ ላይ ነበር።

ሐዳሳ ተነሥታ ስልኩን ነጠቀችው። ወደ ሶፎንያስ ዞራ፣ «ይህን ትምህርት ከየት አመጣኸው?» አለችው። «የሐዘንተኛ ቤት ለማፍረስ ነው የምትሰበስበን?»

ሶፎንያስ አቀርቅሮ ደብተሩን ገፋላት። «ከለቅሶ ነው። በሶስና ድንኳን ውስጥ አጽናኞች ያሉትን ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። አንዱም ክፉ አስቦ አልተናገረም። ያስፈራኝም እሱ ነው።»

ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የተናጋሪው ስም ሰፍሯል። ሦስተኛው መስመር ላይ የራሷን አገኘች። «ሐዳሳ፦ በቃ፣ ስታለቅስ ትመለሳለች? ለራስህ እወቅበት። ስልክህ ላይ ያለውንም አጥፋው፣ ይቀልሃል።»

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ያን ቀን ወንድሟ እንዳይጎዳ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ከዚያም ባገኘችው ቁጥር እንደ ልማድ፣ ሳታስተውለው ደጋግማዋለች። ስልኩን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠች።

«እንዳታጠፋው፣ ተገኘ። ተሳስቼ ነው።»

«ትናንት አጠፋሁት» አለ ተገኘ ቀስ ብሎ። «ሰባት ወር ሙሉ የነገርሽኝን ልሞክረው ብዬ ነው። ከትናንት ጀምሮ ድምጿን ለማስታወስ እታገላለሁ። አንቺ ትዝ ይልሻል?»

ሐዳሳ አፏን ከፈተች። የሶስና መልክ መጣላት፣ አረማመዷ መጣላት። ድምጿ ግን አልመጣላትም።